ስለ ጠጠሩ ሳይሆን ስለ ቱቦው ጠይቅ

ወንድሜ፣ «9 ሚሊ ሜትር የኩላሊት ጠጠር አለብህ ተባልሁ፤ ልጠብቅ፣ በሞገድ ላስፈጨው ወይስ በሌዘር?» ብለሃል። የእኔም 9 ነበር። ያንተም ያው ነው ብዬ ልንገርህ።

1. መጠበቁን እርሳው። ከ5 ሚሊ በታች ያለው ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል፤ 9 ግን አስቸጋሪ ነው። እኔ አራት ወር ጠበቅሁ። ተልባ ጠጣሁ፣ የገብስ ውሃ ጠጣሁ፣ «ቢራ ያጥበዋል» ያለኝን ጓደኛዬንም ሰማሁ። የጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ አጠገብ ጎኔን ሲይዘኝ በጉልበቴ ወደቅሁ። አንዲት እናት የተሳልሁ መስሏቸው «ስለትህን ይቀበልህ» አሉኝ።

2. ሞገዱ ከውጭ ተልኮ ጠጠሩን የሚፈጭ የድምፅ ሞገድ ነው፤ ቢላ አይነካህም። ኩላሊት ውስጥ ላለና ከ2 ሴንቲ ለማይበልጥ ይሞከራል። ከዚያ ካለፈ በጀርባ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ገብተው ያወጡታል። የእኔ ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ጫፍ ላይ ተቀርቅሮ ነበር። አልትራሳውንድ አላየውም፤ ያገኘው ሲቲ ስካን ነው። ስለዚህ በሽንት መውጫ ካሜራ አስገብተው በሌዘር ሰባበሩት። በማግስቱ ቤቴ ነበርሁ።

3. የተቃጠልሁት እዚህ ላይ ነው። ከሌዘሩ በኋላ ሽንት እንዲያልፍ ውስጤ ስስ ቱቦ ትተዋል፤ ስቴንት ይሉታል። መውጣት እንዳለበት የነገረኝ የለም። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይሆናል፤ የሐኪም ጽሑፍ ማን ያነባል! ሽንቴ ሲያቃጥለኝ፣ ደም ሲቀላቅል፣ «ቁስሉ ነው» እያልሁ ሰባት ወር ቆየሁ። ልጠይቅ ስሄድ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «ካርድህ የለም፣ ነገ ና» ትለኛለች። ከአዘዞ ሦስት ቀን ተመላለስሁ። በአራተኛው ቀን ካርዴ የሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ተገኘ። ሲታይ ቱቦው ራሱ ጠጠር አብቅሏል! በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መውጣት የነበረበት ነገር ነው። ሌላ ማደንዘዣ፣ ሌላ ሌዘር፣ ሌላ ክፍያ። ወንድሜ፣ ገና አልጋው ላይ ሳትወጣ «ስቴንት ትተዉልኛላችሁ? መቼ ነው የሚወጣው? ማን ነው የሚያወጣው?» በልና ቀኑን በሚነበብ ጽሑፍ አስጽፍ።

4. ውሃ ጠጣ ይሉሃል፤ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለማለት ቀላል ነው። ቢሆንም ሽንትህ ነጣ እስኪል ጠጣ። ጨው ቀንስ። ወተት ግን አትተው፤ እኔ «ካልሲየም ነው» ብዬ ትቼው ሐኪሙ ስቆብኛል። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለህ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ግባ።

ካርድ ክፍል ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ድረስ። ያኔ ልጅቷ ገና አልመረራትም።