ባዝ ወይስ የሃድሪያን ግንብ?
ወንድሜ፣ «ለንደን ነኝ፤ ሁለት ቀን አለኝ፤ የሮማውያንን ፍርስራሽ ለማየት ባዝ ልሂድ ወይስ የሃድሪያን ግንብ?» ላልከው፣ ሳላመነታ ግንቡን እላለሁ፤ ሮማውያን በሰሜን እንግሊዝ የሠሩት ረጅም የድንበር ግንብ ነው። የሮማውያን መታጠቢያ ያለባት ከተማ ባዝ፣ በባቡር በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ስለሚሆን ሌላ ቀን ይደርስልሃል።

በባቡር ኒውካስል፣ ከዚያ ሄክሳም ውረድ። በሞቃቱ ወራት ከዚያ ግንቡን ተከትሎ የሚሄድ ኤዲ122 የሚባል አውቶቡስ አለ። ስሙ ግንቡ የተጀመረበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ግንቡ ላይ ያለው የሮማውያን ምሽግ ሃውስስቴድስ ስትደርስ የወታደሮቹን መጸዳጃ ቤት እንዳታልፈው፤ የውኃው ቦይ እስከ ዛሬ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ለእኔ ግን ከሁሉም በግንቡ አቅራቢያ ያለው ሌላው የሮማውያን ምሽግ ቪንዶላንዳ ይበልጣል። ከመሬቱ ውስጥ በቀለም የተጻፉ ስስ የእንጨት ደብዳቤዎች ወጥተዋል። በአንዱ ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል ሴት ጓደኛዋን ልደቷ ላይ እንድትገኝላት ትጠራታለች። ከ1900 ዓመት በፊት! ይህ ደብዳቤ የሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ስለሆነ፣ ከለንደን ሳትወጣ ጎራ በል። ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ ደህና ጃኬት ያዝ።