ዞሮ ዞሮ ክፍል ውስጥ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። 27 ዓመቷ ነው። በምህንድስና ተመርቃ ትሠራለች፤ ማታ ማታ ጊታር ትጫወታለች። ልቧ ያለው ግን የሙዚቃ መምህር መሆን ላይ ነው። «እስከ ዛሬ የደከምኩበት ሁሉ ባከነ ማለት ነው?» አለችኝ። አንድ ሁለት ነገር ብዬ ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የድሮ ነገር ቀስቅሳብኝ ሄደች።

በጎረምሳነቴ አንድ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እጫወት ነበር። ባንዱን የሚመሩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከሰዓት በኋላ ልጆች ያስተምራሉ፤ ማታ ከእኛ ጋር ይጫወታሉ። በማስተማራቸው እንቀልድባቸው ነበር። መጫወት ያቃተው ነው የሚያስተምር እንል ነበር። ከሁላችንም በላይ የሚጫወቱት ደግሞ እሳቸው ናቸው! ይኼ እንዴት እንዳልታየን እንጃ።

አንድ ጊዜ ታመሙና «ተማሪዎቼን ያዝልኝ» አሉኝ። እሳቸውን እምቢ ማለት አይቻልም፤ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ፈላ። አንድ ልጅ ምት አልጠብቅ አለኝ። ቆጥሬ አስጀምረዋለሁ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ይሮጣል። ተጫውቼ አሳየሁት። ደግሜ አሳየሁት። «እንዲህ ነው እኮ!» እላለሁ። እንዲህ መሆኑን ልጁም ያውቃል፤ የጨነቀው እንዴት እንደሚሆን ነው። እኔ ደግሞ እጄ የሚያውቀውን አፌ አያውቀውም። ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖም ከፈትኩለት፤ ጭራሽ ባሰበት።

በመጨረሻ ሰለቸኝና «በቃ ተነሥ፣ እንራመድ» አልኩት። እግራችንን በምቱ እየጣልን ክፍሉን ዞርን። ዜማውን በአፉ አዜመው። አልሮጠም። ተመልሶ ፒያኖው ላይ ሲቀመጥ ትከሻው ላላ ብሏል። ዝግ ብሎ ተጫወተና ጨረሰው። ቀና ብሎ አየኝ። ያን ቀን ማታ መድረክ ላይ ሆኜ ሐሳቤ ልጁ ጋ ነበር።

(አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ፣ ጄኔቭ ውስጥ ያስተምር የነበረ ኤሚል ዣክ-ዳልክሮዝ የሚባል ሰው፣ ምትን በመራመድና በአካል እንቅስቃሴ ማስተማርን ቀድሞ የታወቀ ዘዴ አድርጎት ኖሯል።)

ጋሼ ሲሻላቸው ጠሩኝ። «ግማሾቹን ልጆች ውሰድ፤ ሥራው ይሆንሃል» አሉኝ። «እኔ ተጫዋች ነኝ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ወሬ ቀየሩ። ምነው ትንሽ በተከራከሩኝ እላለሁ አንዳንዴ። ግን የዚያን ጊዜውን እኔን አውቀዋለሁ። ዛሬም ቢጠየቅ እምቢ ነው የሚለው።

ከዚያ ባንዱ ፈረሰ። የፒያኖ ቃኚ ረዳት ሆንኩ። ቀጥሎ መጋዘን ውስጥ ሒሳብ ያዥ። በመምህርነት ክፍል የገባሁት ሽበት ከጀማመረኝ በኋላ ነው። ጋሼ ይኼን ሳያዩ አለፉ። የሚቆጨኝ እሱ ነው።

«የባከነ ነገር የለም» የሚሏችሁን አትመኑ። የመጋዘኑ ዓመታት ባክነዋል። ደሞዝ በላሁባቸው፣ አለቀ። (የተማሪዎቼን መዝገብ የምይዘው በመጋዘን ዘዴ ቢሆንም እሱን አልቆጥረውም።) ፒያኖ መቃኘቱ ግን ጆሮ ሰጠኝ። አንዱ ክር 440፣ ሌላው 442 ኸርትዝ (በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ መንቀጥቀጥ ማለት ነው) ላይ ሆነው አብረው ሲመቱ፣ ድምፁ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይርገበገባል። መርገብገቡ ልዩነት እንዳለ ይናገራል እንጂ የትኛው ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንዳለ አይናገርም። እሱን የምታውቁት ክሩን ትንሽ ነካ አድርጋችሁ ስትሰሙ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲያዜም ከድምፅ ቢወጣ «ወርደሃል» ብዬ አልጮህበትም። ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች ሞክር እለዋለሁ። ሲገጥም ራሱ ይሰማዋል።

የዛሬ ልጆች ግን ትቸኩላላችሁ። ጥቂት ቪዲዮ አይታችሁ አሰልጣኝ ነን ትላላችሁ። እኛ አንድ ዜማ ለመልቀም ካሴት ስናጠነጥን እንውል ነበር። እናንተ ፍጥነቱን ቀንሳችሁ በአንድ ማታ ትይዙታላችሁ። ሳስበው፣ ንግግሬ ውስጥ ቅናትም ሳይኖርበት አይቀርም።

ተለማመዱ፣ ኖታ ተማሩ ብዬ አላደርቃችሁም። ይልቅ የማታውቁትን መሣሪያ ጀምሩ። እኔ በስተርጅና ቫዮሊን ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን አልቻልኩም። እንደ ጊታር ጣት የት እንደሚያርፍ የሚለይ ብረት የለውም፤ ቦታውን የምታገኙት በጆሮ ነው። ጣቴ ሲንከራተት፣ ተማሪዎቼ ላይ የነበረኝ ቁጣ ይበርድልኛል።

ደግሞ ሥራችሁን ነገ አትልቀቁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምታስተምሩት አንድ ልጅ ፈልጉ፤ ምት የሚያጠፋ ቢሆን ይመረጣል። ትንሽም ቢሆን ክፍያ ጠይቁ። በነጻ ሲሆን ልጁም ይቀራል፣ እናንተም ትቀራላችሁ።