እዚህ ደስ ብሎኛል ማለት ለምን ያስጨንቀኛል?

«ዕድሜዬ 29 ነው። ባህር ማዶ፣ ከከተማ ራቅ ያለ ቦታ በበጎ ፈቃድ ልጆች አስተምራለሁ። ስምንት ወር ሆነኝ። ጠዋት በእግሬ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ከሰዓት ልብሴን በእጄ አጥባለሁ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ በጊዜ እተኛለሁ። እንዲህ ያለ ሰላም አግኝቼ አላውቅም። ይህን ለእጮኛዬ ስነግረው ‹ታዲያ እኔ ምን አደርግልሻለሁ?› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹ኑሮ የምትጀምሪው መቼ ነው?› ትላለች። ቆይታዬን በአንድ ዓመት ላራዝም አስቤያለሁ፣ ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ራስ ወዳድ ነኝ?»

እህቴ፣ ደስ ስላለሽ ራስ ወዳድ አትባዪም። እኔን ያሳሰበኝ ደስታሽ አይደለም። ያልነገርሽው ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ደስታሽን እንየው። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ ሰው ደህና ሆኖ እንዲኖር ሦስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ፦ በራሱ ፈቃድ መኖር፣ ሥራውን እንደሚችል መሰማትና ከሰው ጋር መቀራረብ። የአንቺ ቀን ሦስቱንም ያሟላ ይመስላል። ማንም አስገድዶ አልላከሽም። ትናንት ፊደል የሚያደናግረው ልጅ ዛሬ አንድ መስመር ሲያነብ በዓይንሽ ታያለሽ፣ ይህን የሚያህል ነገር በብዙ ቢሮ ውስጥ ዓመት ሙሉ ተሠርቶም አይገኝም። «የጫጉላ ሰሞን ነው፣ ያልፋል» የሚሉሽም ይኖራሉ። ካሌርቮ ኦበርግ የተባለው አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ባህል ድንጋጤ፣ ማለትም አዲስ አገር የገባ ሰው ስለሚገጥመው መደናገር ሲጽፍ፣ ያ የጫጉላ ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ ስድስት ወር ሊቆይ እንደሚችል ገልጿል። አንቺ ስምንት ወር ሆኖሻል። ስለዚህ ደስታሽን በዚህ ሰበብ አላጣጥለውም።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እንዳትቀየሚኝ። የቀለለው ኑሮው ነው ወይስ ሸክሙን ቤት ጥለሽው ስለሄድሽ ነው? አጠገብሽ ያለችው ጎረቤትም ልብሷን በእጇ ታጥባለች፣ እሷ ግን የመመለሻ ቀን የላትም፣ የልጆቿም ጣጣ አለባት። አንቺ ጋ የሰርግ ዝግጅት የለም፣ የዘመድ ይሉኝታ የለም፣ ከእጮኛሽ ጋር ፊት ለፊት የሚነሳ ጭቅጭቅም የለም። ዛሬ ማታ ወረቀት ያዢና እዚያ በመሆንሽ የተገላገልሻቸውን ነገሮች ጻፊ። የእሱ ስም ከመጀመሪያዎቹ መካከል ከመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ በማራዘም አይፈታም። ካልመጣ ደግሞ እሰየው።

ወደ እሱ ልምጣ። «እንዲህ ያለ ሰላም አግኝቼ አላውቅም» ስትዪው ከእሱ ጋር ያሳለፍሻቸውን ዓመታት ቁጭ ብሎ ይቆጥራል። አንቺ ስለ ማታው ጸጥታ ነው ያወራሽው፣ እሱ የሰማው «ካንተ ጋር ሰላም አልነበረኝም» የሚል ነው። ስለዚህ ፍርዱን ተዪውና ነገሩን ራሱን ንገሪው፦ ሦስት ቀን ዘንቦ አልደርቅ ስላለው ሸሚዝሽ፣ በአነጋገርሽ ስለሚስቁት ተማሪዎች፣ መብራት ጠፍቶ እንቅልፍ እምቢ ስላለሽ ሌሊት። አሰልቺውንም ጨምሪበት። እስካሁን የላክሽለት ጣፋጩን ብቻ ይመስለኛል፣ ያ ደግሞ ለናፈቀ ሰው ይመራል። «እኔ ምን አደርግልሻለሁ?» ሲልሽም «አትቅና» ብለሽ አትዝጊው፤ ሰውየው ቦታዬ የት ነው እያለሽ ነው። የት እንደሆነ ንገሪው፣ ካላወቅሽውም እሱኑ ንገሪው።

ስትመለሺም ቀላል አይሆንም። ጋላሆርን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 እንደጻፉት፣ ከውጭ የተመለሰ ሰው አገሩ ገብቶም ሁለተኛ ዙር መደበት ሊያጋጥመው ይችላል። ከአሁኑ ንገሪው፣ ያኔ ዝም ስትዪ በእሱ የመጣ እንዳይመስለው።

ለእናትሽ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ጭንቀቷ ትቀሪብኛለሽ ነው፤ በቋሚ ቀንና ሰዓት መደወል ከክርክር በላይ ያረጋጋታል።

የማራዘሙ ነገር ግን ማደር የለበትም። ቅጹን ከመፈረምሽ በፊት፣ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ንገሪው። ገና እያሰብሽ ከሆነ «እያሰብኩ ነው» በዪ። በልብሽ ከወሰንሽ ደግሞ «ወስኛለሁ» በዪው እንጂ ምክር የምትጠይቂ አታስመስዪ። መጠበቅ አለመጠበቁን እሱም በጊዜ ሊወስን ይገባዋል፣ መልሱ እንዳሰብሽው ባይሆንም።