ሪፈርቢሽድ ፓወር ሰፕላይ ልግዛ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ፓወር ሰፕላይህ፣ ማለት ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ተቃጥሏል። አንዱ ሱቅ ሪፈርቢሽድ (ታድሶ የሚሸጥ) የሆነ፣ ታዋቂ ብራንድ፣ ባለ 500 ዋት በሦስት ወር ዋስትና አቅርቦልሃል። ሌላው ደግሞ በዚያው ዋጋ ስሙ የማይታወቅ አዲስ አለው፣ ላዩ ላይ 600 ዋት ይላል። የቱን ልግዛ ነው ያልከው። ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት ቆጥሬያለሁና ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ሻጩን «ምኑ ነው የታደሰው?» ብለህ ጠይቀው። ገበያው ላይ ሪፈርቢሽድ የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከውጭ ከመጣ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ደህና እየሠራ የተፈታ ነው፤ አቧራው ተራግፎ ይሸጣል። ሌላው ተቃጥሎ የተጠገነ ነው። ሁለተኛውን በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ።

ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። የተጠገነ ገዝቼ ለአክስቴ ልጅ ገጠምኩለት። ሁለት ወር ያለ ችግር ሠራ። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጧ ብሎ ፈነዳ። ማዘርቦርዱንም (ሁሉም ክፍል የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) ሃርድ ዲስኩንም ይዞ ሄደ። የመመረቂያ ጽሑፉ እዚያ ላይ ነበር፣ ሌላ ቦታ አላስቀመጠውም። ሱቁ የፓወር ሰፕላዩን ብር መለሰልን፤ የልጁን የወራት ድካም ግን የሚመልስልን አልነበረም። በኋላ ከፍቼ ሳየው የተቀየረው ፊውዙና አንድ ትራንዚስተር ብቻ ነው። ያበጡት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ክፍሎች) እንዳሉ ነበሩ።

ዋናው ጣጣ ያለው ካፓሲተሮቹ ላይ ነው። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፣ በሙቀት ቀስ እያለ ይደርቃል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ያጥራል። አቧራ የበላው ፋን ምን እንደሚያደርጋቸው አስበው። የደረቀ ካፓሲተር ደግሞ ሥራ ሳይበዛበት ደህና ይመስላል። ስለዚህ ሻጩ አረንጓዴውንና ጥቁሩን ሽቦ አገናኝቶ ፋኑ ሲዞር ቢያሳይህ አትመን። ኮምፒውተር ላይ ገጥሞ ከባድ ሥራ እየሠራ ግማሽ ሰዓት ያቆየው። ከዚያ ሳይጠፋ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ይለካ። 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6፣ 5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት።

ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል የቮልት መቀየሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳታይ እንዳትሰካ። የእኛ መብራት 220 ነው፤ 115 ላይ ከሆነ ወዲያው ይፈነዳል። ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ሶኬትም እይ፤ ብዙ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች የራሳቸው ሶኬት ስላላቸው ካንተ ማዘርቦርድ ጋር ላይገጥም ይችላል።

አዲሱን በተመለከተ 600 የሚለው ቁጥር አያታልልህ። ሌብሉ ላይ የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልግ። 20 አምፔር ካለ 12 ሲባዛ 20፣ 240 ዋት ነው። ኮምፒውተሩ በብዛት የሚጠቀመው ይህንን ነው። በእጅህም መዝነው፤ ባዶ ካርቶን የሚመስል ብዙ አይቻለሁ።

ግራፊክስ ካርድ (ለጌምና ለቪዲዮ ሥራ ለብቻው የሚጨመረው ካርድ) የለኝም ብለሃል። እንግዲያው ኮምፒውተርህ ብዙ ዋት አይፈልግም። ከቢሮ ማሽን የተፈታ ከሆነ፣ የተመረተበት ዓመት ካልራቀና ፈተናውን ካለፈ፣ እኔ ብሆን ሪፈርቢሽዱን ነው የምገዛው። ወደፊት ግራፊክስ ካርድ ልትጨምር ካሰብክ ግን ትንሽ ታገስና ታዋቂ ብራንድ የሆነ አዲስ ግዛ።

አደራህን፣ ውስጡን ልየው ብለህ እንዳትከፍተው። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ዋስትናውን ደረሰኙ ላይ አስጽፍ። ብር ከመክፈልህ በፊት የሌብሉን ፎቶ እዚህ ላክልኝ፣ አምፔሩን አብረን እናየዋለን።