የምጣድ ሽቦ፦ 80/20 ኒክሮም ወይስ 60/15?

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ እጠግናለሁ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ኒክሮም (የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ) ሽቦ አለ፤ አንዱ 80/20፣ ሌላው ረከስ ያለው 60/15 ይባላል። ሁለቱም ውፍረታቸው 1.2 ሚሊሜትር ነው። በ220 ቮልት ለሚሠራ የ3,500 ዋት ምጣድ የትኛው ይሻላል? ርዝመቱስ አንድ ዓይነት ነው?

መልስ፦ 80/20ን ይግዙ። 60/15 ብቻ ካገኙ ግን በ80/20 ልክ አይቁረጡት።

የመጀመሪያው 80 በመቶ ያህል ኒኬልና 20 በመቶ ክሮሚየም ነው። ሁለተኛው 60 በመቶ ኒኬልና 15 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው፤ የቀረው በአብዛኛው ብረት ነው። ሽቦው ሲግል ላዩ ላይ የክሮሚየም ኦክሳይድ ቅርፊት ይይዛል፤ ከመበላት የሚጠብቀውም ይኸው ነው። ምጣድ በበራና በጠፋ ቁጥር ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ በቦታው አዲስ የሚተካው ከውስጥ ባለው ክሮሚየም ነው። ክሮሚየሙ ያነሰ ሽቦ ስንቁን ቀድሞ ይጨርሳል። ሻጮች የሚያነሡት የሙቀት ጣሪያ፣ 1200 እና 1150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለምጣድ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ወደ ርዝመቱ እንምጣ። ሳይግል የአንድ ሜትር ሽቦ የኤሌክትሪክ መቋቋም (ሬዚስታንስ) በ80/20 0.964 ኦም፣ በ60/15 0.981 ኦም ነው፤ ልዩነቱ ኢምንት ነው። 800 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ግን የመጀመሪያው መቋቋሙ 4 በመቶ፣ ሁለተኛው 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለ3,500 ዋት በግለቱ 13.8 ኦም ያስፈልጋል። ስለዚህ ሳይግል 80/20ን በ13.3 ኦም (13.8 ሜትር)፣ 60/15ን በ12.6 ኦም (12.8 ሜትር) ይቁረጡ። 60/15ን 13.8 ሜትር ቢያደርጉት ኃይሉ ወደ 3,250 ዋት ይወርዳል፤ አንዱ እንጀራ ወጥቶ ሌላው እስኪሰፋ ምጣዱ ሙቀቱን ቶሎ አይመልስም። ሲያሳጥሩት ደግሞ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር የሽቦ ገጽ ላይ የሚያርፈው ጫና ከ6.7 ዋት ወደ 7.3 ይወጣል። ደካማው ሽቦ የበለጠ ጫና ተሸከመ ማለት ነው። ለአንድ ምጣድ የሚሄደው 130 ግራም ያህል 80/20 ብቻ ስለሆነ፣ የዋጋው ልዩነት ይህን ሁሉ አያካክስም።

ጥያቄ፦ ሻጩ 80/20 ነው ያለኝ ሽቦ እውነተኛ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ በመልኩ አይለይም። በቀዝቃዛው የአንድ ሜትር ልኬትም አይተማመኑ፤ ውፍረቱ በ0.01 ሚሊሜትር ቢዛነፍ እንኳ ልኬቱ ወደ 2 በመቶ ይዛባል፣ ይህም የሁለቱን ልዩነት ይሸፍነዋል። መጀመሪያ ማግኔት ያስጠጉ። አጥብቆ ከያዘው ሽቦው የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ይህ ዓይነቱ አንዴ ከጋለ በኋላ ስለሚሰባበር ለጥገና አይመችም።

ማግኔት ካልያዘው በግለቱ ይፈትኑት። ከማብራትዎ በፊት የጠቅላላውን ሽቦ ኦም ይለኩ፤ የመለኪያውን ገመዶች ኦም ይቀንሱለት። አብርተው በደንብ ከጋለ በኋላ ቮልቱንና አምፔሩን በአንድ ጊዜ ያንብቡ፤ አምፔሩን በክላምፕ ሜትር (የኤሌክትሪክ ገመዱን ከውጭ አቅፎ በሚለካ መሣሪያ)፣ ሽቦውን ሳይነኩ። ቮልቱን ለአምፔሩ ሲያካፍሉ የግለቱን ኦም ያገኛሉ። ከቀዝቃዛው በ4 ወይም 5 በመቶ ከበለጠ 80/20 ነው፤ ወደ 10 ከተጠጋ 60/15 ነው።

ሲገጥሙት ጥቅልሉን እኩል ይሳቡት። ተጠጋግቶ የቀረ ቦታ ከሌላው ይልቅ ይግላል፤ ሽቦውም የሚበጠሰው እዚያ ነው። ጫፎቹን 15 ሴንቲሜትር ያህል ድርብ አድርገው ይግመዱ፣ ብሎኑ ዘንድ ሙቀቱ እንዲቀንስ። ሁለቱም ቅይጦች ኒኬል ስለበዛባቸው ድኝ ይጎዳቸዋል፤ ጀሶ ደግሞ ካልሲየም ሰልፌት በመሆኑ ሽቦውን በጀሶ አይቅበሩት። ጎመን ዘርም ድኝ ስላለበት ሸክላው ከተሰነጠቀ ማሰሻው ወደ ሽቦው እንዳይወርድ ምጣዱን ይቀይሩ።