«ኢንቱን ሁሉ ወደ ሎንግ ብቀይረው ይበቃኛል?» ለሚለው ጥያቄ

ጠያቂያችን በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የጻፉት የቤዝ64 ኢንኮደር (እያንዳንዱን 3 ባይት በ4 ተራ ፊደላት የሚተካ ፕሮግራም) በትንንሽ ፋይሎች ላይ በደንብ እየሠራ ትልቅ ፋይል ሲሰጡት እንደሚሰበር ገልጸው፣ ኢንት የተባለውን የሙሉ ቁጥር ዓይነት ሁሉ ሎንግ ወደሚባለው ዓይነት ቢቀይሩት ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይበቃም። እኔ በዚሁ ነገር ክፉኛ ስለተቃጠልኩ፣ እርስዎ ላይ እንዳይደርስ በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

1. ሎንግ በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ 64 ቢት ቢሆንም በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ግን ያው እንደ ኢንት 32 ቢት ነው። ስለዚህ ለባፈር (ውሂቡ ለጊዜው ለሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) መጠን ሳይዝ ቲን (size_t፣ ለመጠን የተበጀውን የቁጥር ዓይነት) ይጠቀሙ። የስሌቱንም ቅደም ተከተል ይመልከቱ፤ ብዙ ሰው የፋይሉን መጠን በ4 አባዝቶ ለ3 ያካፍላል፣ ይህም በ32 ቢት ኢንት ልክ 512 ሜጋባይት ላይ ከ2,147,483,647 ያልፋል። 2 ደምሮ፣ ለ3 አካፍሎ፣ በመጨረሻ በ4 ማባዛት እስከ 1.5 ጊጋባይት ገደማ ያደርሳል፤ ይህ ግን ገደቡን ያርቀዋል እንጂ አያጠፋውም።

2. ፍተሻው ከስሌቱ መቅደም አለበት። ምልክት ያለው ኢንቲጀር (ከዜሮ በታችም መሆን የሚችል ሙሉ ቁጥር፣ እንደ ኢንት) ሲሞላና ሲፈስ ምን እንደሚሆን የሲ ደንብ አይወስንም፤ በመሆኑም ከደመሩ በኋላ «ድምሩ ከተደማሪው አነሰ ወይ?» ብለው የሚጠይቁበትን መስመር ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ሊሆን የማይችል ነገር ነው ብሎ ሊያወጣው ይችላል። ከማባዛትዎ በፊት ከፍተኛውን ቁጥር ለ4 አካፍለው ያወዳድሩ፤ የእርስዎ ቁጥር ከበለጠ ስህተት መልሰው ያቁሙ።

3. ርዝመትን በፊደል ሳይሆን በባይት ይቁጠሩ። እኔን ያስከፈለኝ ይህ ነው።

ሱሉልታ አካባቢ ለሚገኝ አንድ የወተት አቅራቢዎች ማህበር፣ በየመሰብሰቢያ ጣቢያው የሚመዘገበውን ወተት በሞባይል ዳታ ወደ ሰርቨር የሚልክ አነስተኛ መሣሪያ ሠርቼ ነበር። እያንዳንዱ መዝገብ የአቅራቢውን መለያ፣ ሊትሩንና «ምርመራ» የሚለውን የማስታወሻ ዓምድ ይይዛል፤ የምርመራውን ርዝመት የምጽፈው በአንድ ባይት ነበር። አንድ ባይት ከ255 በላይ አይቆጥርም፤ 256 ሲሆን ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስሞክረው «ጥሩ ነው» ከሚል የዘለለ ነገር ስላልጻፍኩበት እንከን አልታየኝም።

ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር የማታ ፈረቃ ሊትር መጉደል ጀመረ። ጠዋት የምትመዘግበው ሠራተኛ ምርመራውን በኦሮምኛ፣ በቁቤ ትጽፍ ነበር፤ የማታዋ በአማርኛ። የቁቤ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት ወደ ባይት በሚለወጡበት ሥርዓት) አንድ ባይት ሲሆን የእኛ ፊደል ሦስት ባይት መሆኑን በሥራ ላይ ያለን ሰዎች ሁሉ እናውቀዋለን፤ ያን ጊዜ ግን ወደ ማንም አእምሮ አልመጣም። ጽሕፈት ቤቱ ሳያጣራ የማታዋን ልጅ ወተት ሸጣለች ብሎ ከሥራ አገዳት፤ የእኔንም ቀሪ ክፍያ ያዘው። ጥሬውን መረጃ እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ ኃላፊው ቀና ብሎም ሳያየኝ «መረጃው የማህበሩ ነው፤ የእርስዎ ሥራ አልቋል» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቤቴ ከጀሞ እስከዚያ ድረስ በታክሲ እየተመላለስኩ በር ላይ ቆሜአለሁ።

በመጨረሻ የሒሳብ ሠራተኛው አዝኖልኝ ሰርቨሩ ስህተቶቹን የሚጽፍበትን ሎግ ከፈተልኝ። «ያልታወቀ የመዝገብ ዓይነት፦ 225» የሚል መስመር ተደርድሯል። ከዚያ በላይ ያለው ምርመራ «ወ» ብሎ ቆሟል። ልጅቷ የወረቀት ደብተርም ትይዝ ስለነበር አመሳከርነው፤ «ወተቱ በላክቶሜትር ሲለካ» ብሎ የሚጀምር፣ 81 ፊደልና 16 ክፍት ቦታ ያለው ማስታወሻ ነው። 243 ሲደመር 16፣ 259 ባይት፤ ከ256 ሲያልፍ የተጻፈው ርዝመት 3 ነው። ሰርቨሩ ሦስት ባይት አንብቦ «ወ»ን ወሰደ፤ ቀጥሎ ያለውን የ«ተ»ን የመጀመሪያ ባይት፣ ማለትም 225ን፣ የአዲስ መዝገብ መጀመሪያ አድርጎ ቆጠረው፤ በዚያው ጥቅል (አንድ ላይ በተላከው የመዝገቦች ስብስብ) ውስጥ የተከተሉትን አቅራቢዎች ሊትር በሙሉ ጣለው። ልጅቷ ያጠፋችው ነገር ቢኖር ሥራዋን ከሌላው ሰው አብልጣ በዝርዝር መጻፏ ብቻ ነበር።

ርዝመቱን ወደ ሁለት ባይት አሳደግኩት፤ ይህም እስከ 65,535 ባይት፣ ማለትም እስከ 21,845 ፊደል ይይዛል። ከዚህ ይልቅ ዋጋ ያለው ግን ሁለተኛው እርማት ነው፤ መሣሪያው ርዝመቱን ጠባብ ቦታ ላይ ከመጻፉ በፊት ይፈትሻል፣ ካለፈም ቆርጦ አይልክም፣ «ምርመራው ረዝሟል» ብሎ ይመልሳል። ሰርቨሩም በበኩሉ የጥቅሉን ጠቅላላ መጠን ያመሳክራል። ይህን በመሥራቴ እኮራለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ምክንያት አንድም መዝገብ አልጠፋም። የተሰባበረው ጥቅል እንዳለ ተቀምጦ ስለነበር የአቅራቢዎቹንም ሒሳብ መልሼ አወጣሁት። ልጅቷ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ይቅርታ የጠየቃት ግን የለም።

4. ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር ሲያጠናቅሩ «ደብልዩ ኮንቨርዥን» (-Wconversion) የሚባለውን ማስጠንቀቂያ ያብሩ፤ ዎል (-Wall) እና ኤክስትራ (-Wextra) የሚባሉት የማስጠንቀቂያ ስብስቦች በሲ ይህን አይጨምሩም፣ እኔም በእነርሱ ተማምኜ ነበር። ሲሞክሩ ደግሞ ገደቡ ላይና ከገደቡ አንድ ባይት አልፈው ይሞክሩ፤ ጽሑፉም በአማርኛ ይሁን።