ልጄ አታወራኝም፣ ምን ብዬ ልጠይቃት?

ጥያቄ፦ መምህር ጤና ይስጥልኝ እንደምን ኖት። ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ጾሙንም ቅዳሴውንም አላስታጉልም፣ ግን የ14 ዓመት ሴት ልጄ ምንም ብጠይቃት መልሷ "ደህና" ብቻ ነው። ባለቤቴ ደግሞ አንተ ስትገባ ቤቱ ጭጭ ይላል አለችኝ። ምን ብዬ ልጠይቃት? ወላጅ ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅስ ክብሩ አይቀንስም ወይ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ባለቤትህ ትልቁን ነገር ነግራሃለች። ልጅቷን ከመጠየቅህ በፊት "እኔ በሩን ስከፍት ቤቱ ምን ይሆናል?" ብለህ ራስህን ጠይቅ። እኔም የነቃሁት ቆይቼ ነው። አንድ ማታ አራት ኪሎ ታክሲ ተሰልፌ ዝናብ ሲወቅጠኝ አምሽቼ ስገባ ትንሹ ልጄ ፊቴን አየት አደረገና "አባ ዛሬ ማን አናደደህ?" አለኝ። ደክሞሃል ወይ አላለም እኮ፣ ማን አናደደህ ነው ያለው፤ ለካ በየቀኑ ፊቴን እያነበበ ነው ወይ የሚጫወተው ወይ የሚደበቀው። የዛን ቀን እራት አልወርድ አለኝ።

እኛ ወላጆች ስንጠይቅ መርማሪ ነው የምንመስለው፣ ስንት አመጣሽ፣ የት ቆየሽ፣ ከማን ጋ ነበርሽ፣ ፍርዱ ደግሞ ቀድሞ አልቋል። ዘፍጥረት 3፥9 ላይ እግዚአብሔር "ወዴት ነህ?" ሲል አዳም የተደበቀበት ዛፍ ጠፍቶት አይደለም፣ ራሱ እንዲናገር በር እየከፈተለት ነው። እመቤታችንም የ12 ዓመት ልጇን ከ3 ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ ስታገኘው (ሉቃ 2፥48) ለምን እንዲህ አደረግህብን አለችው፣ ግን ተጨንቀን ስንፈልግህ ነበር ብላ የራሷንም ነገረችው፣ መልሱንም ሰምታ በልቧ ያዘችው። አንተም "ስትቆዪብኝ ፈራሁ፣ ምን ገጠመሽ?" በላት። ስታወራ ሞባይሉን አስቀምጥ፣ ምክር ለመጨመርም አትቸኩል (ይሄ ለኛ ለሰባኪዎች ይብሳል)። "ከእኔ ጋ ስታወሪ ምኑ ነው የሚከብድሽ?" ብለህም ጠይቃት፣ ግን መልሱን ለመሸከም ካልተዘጋጀህ ይቅር፤ "ትጮህብኛለህ" ስትልህ "መቼ ነው የጮህኩት!" ብለህ ከጮህክ በቃ አለቀ፣ ተመልሳ "ደህና" ውስጥ ትገባለች።

ይቅርታውን በተመለከተ ማቴ 5፥23-24 መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ሲል ዕድሜ አልወሰነም። በቅዳሴ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" (እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ) ሲል አጠገብህ ለቆመ ለማታውቀው ሰው እንኳን እጅ ትነሳ የለ እንዴ፣ ለገዛ ልጅህ ሲሆን ምኑ ነው ክብር የሚቀንሰው? ጳውሎስም አባቶችን ልጆቻችሁን አታበሳጩ ያለው ልባቸው እንዳይዝል ነው (ቆላ 3፥21)። ብቻ "ይቅርታ፣ ግን አንቺም..." እንዳትል፣ "ግን" ካለችበት ይቅርታው ቀርቷል።

ዛሬ ማታ ከባለቤትህ ጀምር፣ ቤቱ ዝም ማለት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው ብለህ ጠይቃት። የንስሐ አባትህንም ቤት ጥራቸው፣ ልጅቷን እንዲገሥጹልህ እንዳይሆን እንጂ።